አልመሽ ያለው ሐሙስ

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የሰመራ ፀሐይ ገና ሥራዋን ስትጀምር፣ የታዴዎስ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። መልእክቱ የከውሰር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ደህና ነኝ» እና «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያልወጣት ልጅ ዛሬ ሊንክ ልካለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ጌሙን ጨረስኩት። ለሰው ከመልቀቄ በፊት አንተ ተጫወተው። መጨረሻው አንድ ብቻ ነው።»

ታዴዎስ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። አጠገቡ የሚሠራውን ረዲን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ጨረሰችው እኮ!» አለው። ረዲ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ፊቱን ወደ ፋይሎቹ መለሰ።

ነገሩን ከመሐል ለሚጀምር አንባቢ ባጭሩ ይኸውና። ታዴዎስ ሰመራ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ መልከ መልካም ነው፤ ጠባዩም ለስላሳ ነው፤ ለስላሳነቱ ግን ልክ አልነበረውም። እናቱ ወይዘሮ አስረሳሽ ከወሎ በመምህርነት ተመድበው መጥተው፣ ባላቸውን በዚሁ አገር ቀብረው፣ አንድ ልጃቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከውሰር የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ኢብራሂም የድሮው ባቡር በሚሄድበት ዘመን ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሶላታቸውን የማያዛንፉ ሰው ናቸው።

የተዋወቁት ከውሰር ሰመራ ኮምፒውተር ስትማር ነው። አንድ ደብዳቤ ልታስመዘግብ እሱ ቢሮ ብትመጣ «ፋይሉ አልተገኘም፣ ነገ ተመለሺ» አላት። በነጋታው ብትመጣም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ተደግፋ «ወንድሜ፣ ፋይሉ እዚያው ክርንህ ሥር ነው። ስልኬን የምትፈልግ ከሆነ ስልክሽን ስጪኝ በለኝ» አለችው። እስከ ጆሮው ቀላ። መጠየቁን ግን አልጠየቀም፤ ቁጥሯን በራሷ እጅ ወረቀት ላይ ጽፋ የሰጠችው እሷ ናት። ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የሄደውም እንዲሁ ነው።

እሱ አንገቱ ላይ ማተብ አለ፣ እሷ ሂጃብ ትለብሳለች። ሁለቱም ይህን እያዩ ነው የተዋደዱት። «ለቤተሰብ እንዴት እንናገር?» ባለችው ቁጥር ታዴዎስ «እናስብበታለን» ይላል፤ እያሰቡበት ሁለት ዓመት አለፈ። ከውሰር ተመርቃ አዋሽ ስትመለስ፣ ሦስት ቁልፉ በወለቀ ላፕቶፕ ብቻዋን ጌም መሥራት ጀመረች። ሥዕሉም፣ ጽሑፉም፣ ሙዚቃውም የራሷ። አንዲት ልጅ አንድ ቀን ውስጥ ትታሰራለች፤ ቀኑ ሊመሽ ሲል እንደገና ከንጋቱ ይጀምራል፤ ተጫዋቹ መውጫዋን መፈለግ አለበት። ታዴዎስ «የትኛው ቀን ነው?» ሲላት «ቀኑን ገና አላገኘሁትም» ትለው ነበር።

ከዚያ ቶፊቅ ሽማግሌ ላከ። ቶፊቅ ገዋኔ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ሥራውን የሚወድ፣ ጨዋ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለሁሉም በቀለለ። ሽማግሌዎቹ ሐሙስ አሥር ሰዓት እንደሚመጡ ሲነገራት ከውሰር ለታዴዎስ ደወለች።

«ከእነሱ በፊት ና» አለችው። «አባባን ብቻህን አናግራቸው። የፈለጉትን ይበሉህ፣ ይጩኹብህ፣ ብቻ ድምፅህን ይስሙት። ከዚያ በኋላ እኔም እምቢ የምልበት አፍ ይኖረኛል።»

«እመጣለሁ፣ ወላሂ!» አላት በእሷ መሐላ።

ሐሙስ ዕለት ግን አልደረሰም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «የኔ ሆድ፣ መኪናው ገዋኔ ላይ ተበላሸብን። ይቅር በይኝ» ብሎ ጻፈላት። አመሻሹ ላይ ፈራ ተባ እያለ «ምን አልሽ?» ቢላት «ምንም አላልኩም» ብላ መለሰች። ምንም! ታዴዎስ ተመስገን አለ። እሺ ካላለች ነገሩ በእንጥልጥል ነው፤ በእንጥልጥል ከሆነ ደግሞ ጊዜ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፉን ለጥ ብሎ ተኛ።

ዛሬ በስድስት ሰዓት፣ ሰመራ ቢሮዋንም ሱቋንም ዘግታ ከሙቀቱ ስትሸሸግ፣ ወንበሩን ቬንትሌተሩ ሥር ስቦ ጌሙን ከፈተ። ስሙ «ሐሙስ» ይላል።

የሱብሒ አዛን ይሰማል፤ ልጅቱ ትነቃለች። ቢጫው የባቡር ጣቢያ፣ ሐዲዱ ላይ የሚግጡት ፍየሎች፣ ከሩቅ ገደሉ፣ የአዋሽን መልክ ሁሉ ከውሰር አንድ በአንድ ሥላዋለች። ልጅቱ ግቢ ትጠርጋለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ወደ ጣቢያውም ወደ ድልድዩም ሊወስዷት ይቻላል። አሥር ሰዓት ላይ ግን የትም ብትሆን ቤት ናት፤ እንግዶች ገብተዋል። አባትየው ፊት የላቸውም፤ ነጭ ቆብ ብቻ ነው የሚታየው። «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» ይሏታል። ሦስት ምርጫ ይመጣል፦ እሺ። እምቢ። ዝም።

ታዴዎስ ሳቅ ብሎ «ዝም» የሚለውን ነካ። የእሷ መልስ እሱ አይደል!

እንግዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ! ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» አለ አንደኛው። ፋቲሃ ቀሩ፤ ከጓዳ እልልታ ተሰማ። ከዚያ እንደገና አዛን፣ እንደገና ንጋት፣ ልጅቱ እንደገና ነቃች።

ታዴዎስ ስሕተት መስሎት ደገመው። «ዝምታዋ ፈቃዷ ነው።» ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ዙህር ሰግዶ ኮሪደሩ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ጋደም ወዳለው ረዲ ሄደ።

«ረዲ፣ እናንተ ዘንድ ሴት ልጅ ተጠይቃ ዝም ካለች ምን ማለት ነው?»

ረዲ ቀና ብሎ ተቀመጠ። የአዋሽ ልጅ ነው፤ የእነከውሰርን ቤት ያውቀዋል።

«እሺ ማለት ነዋ። እሺ ብላ መናገር ታፍራለች ተብሎ ዝምታዋ ይበቃል። ሁለት ዓመት አብረሃት ሆነህ ይህን አላወቅህም?»

«ምንም አላልኩም ነው ያለችኝ…»

«እሱማ እውነቷን ነው።» ረዲ ዓይኑን ሰበረ። «ቴድ፣ የምታውቅ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩህ። ተለያይታችሁ መስሎኝ። ኒካው የፊታችን እሁድ ነው፤ እኔም ተጠርቻለሁ።»

ታዴዎስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ሦስት ሳምንት! እሱ ጊዜ አለኝ እያለ ሲተኛ እዚያ ድንኳን እየተከራዩ፣ ጥሪ እየጻፉ ነበር። እንዲህ ያለ ሞኝነት የሠራ ሰው በሙቀት ላይ ሙቀት ይሆንበታል፤ ያፈረው ደግሞ ከረዲ ይልቅ ከራሱ ነው።

* * *

ደወለላት፤ አላነሣችም። ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ አንድ መልእክት መጣ፦ «መጀመሪያ ጨርሰው።»

ከማክሰኞ እስከ ዐርብ ያን ሐሙስ ስንት ጊዜ እንደኖረው ራሱም አያውቅም። ቢሮ ውስጥ ፋይል ከፍቶ ከሥሩ ስልኩን ይይዛል። ምሳ ይቀርብለታል፤ ይቀዘቅዛል፤ ይነሣል። ወይዘሮ አስረሳሽ «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ሲሉት «ምንም» ይላል፤ እሳቸውም ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ደግመው አይጠይቁም። የሚያውቁትን ነገር አለመጠየቅ በእነሱ ቤት የቆየ ልማድ ነው።

«እሺ» ቢል ቀኑ ተመልሶ ይነጋል። «እምቢ» ቢል አባትየው «ምክንያትሽ ምንድን ነው?» ይሏታል፤ ባዶ ሣጥን ይመጣል፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ይጻፍበት። ታዴዎስ «አልደረስኩም» ብሎ ጻፈ፤ «መማር እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ፤ «አሞኛል» ሳይቀር ጻፈ። ሁሉም ወደ አዛኑ መለሰው። ረቡዕ ዕለት ድፍረት አግኝቶ «የምወደው ሰው አለ» ብሎ ጻፈ።

ከአባትየው አንዲት ቃል መጣች፦ «የታለ?»

አዲስ ሣጥን አልመጣም። ልጅቱ ወደ በሩ ዞራ ታያለች። በሩ ባዶ ነው። አዛን። ንጋት።

«የታለ?» የምትለዋ ቃል ከዚያ በኋላ አልለቀቀችውም። ልጅቱን ወደ ጣቢያው ወሰዳት፤ የለም። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወሰዳት፤ የለም። ድልድዩ ላይ አቁሞ ከገዋኔ በኩል የሚመጡትን መኪኖች አስቆጠራት፤ ከአንዱም የወረደ የለም። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጣ እንድትጠብቅ አደረጋት፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ቤቷ ተቀምጣ ነበር። የሚችለውን ሁሉ ሞክሯል። አንድ ነገር ሲቀር።

በየቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እናትየው ልጅቱን ይጠሯታል። «ለእንግዶቹ ለስላሳ ከሆቴሉ ይምጣ» ይላሉ። ሁለት ምርጫ አለ፦ «ሀምዳ ትሂድ» ወይም «ራሷ ትሂድ»። ሀምዳ የከውሰር የወንድም ሚስት ናት። ታዴዎስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ጣቱ እንኳን ሳያመነታ፣ ሁልጊዜ «ሀምዳ ትሂድ» የሚለውን ነበር የሚነካው።

እንግዲህ እውነቱ ይውጣ። ያን ሐሙስ ታዴዎስ ገዋኔ ላይ አልቀረም። መኪናው ደህና ነበር፤ ሾፌሩም ደህና ነበር፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አዋሽ አውርዶታል። የእነከውሰር ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀረው ሆቴል ገባ፤ ላቤን ላድርቅ ብሎ ሻይ አዘዘ። ለእናቱ ፊት ለፊት መናገር ስላልቻለ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ ትቶላቸው ነበር የመጣው። ሻዩ ሳይበርድ ደወሉ። «ማተብህን በጥሰህ ከመጣህ፣ እናት ነበረችኝ በል» አሉት። ያለቅሱ ነበር። እሱም አለቀሰ። ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። ሦስተኛ አዘዘ። ተነሥቶ ሒሳብ ከፈለና ተመልሶ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩን አውጥቶ ስለ ገዋኔ የጻፈውን ጻፈ፤ ጽፎም ትንሽ ቀለል አለው። ይህን ለሰው ነግሮ አያውቅም። እግዜርና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው ብሎ ነበር።

ዐርብ በስድስት ሰዓት፣ ቢሮው ባዶ በሆነበት፣ ጣቱን «ራሷ ትሂድ» ላይ አሳረፈ።

ልጅቱ ሻርፕዋን አስተካክላ ወጣች። ሁለት መቶውን እርምጃ አንድ በአንድ ሄደች። በሆቴሉ ጓሮ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ገባች፤ የለስላሳውን ሣጥን ተቀበለች። ወጥ ቤቱን ከአዳራሹ የሚለየው መጋረጃ ገለጥ ብሏል። በመጋረጃው በኩል አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሰማያዊ ሸሚዝ። ፊት ለፊቱ ሦስት ባዶ የሻይ ብርጭቆ። ስልኩ ላይ አጎንብሶ እየጻፈ ነው።

የልጅቱ ስልክ ነዘረ። ትልቅ ጽሑፍ የስልኩን ገጽ ሞላው፦ «የኔ ሆድ፣ መኪናው ገዋኔ ላይ ተበላሸብን። ይቅር በይኝ።»

ፊደል አልጎደለም። ነጥቡ እንኳን በቦታው ነበር።

ሁለት ምርጫ መጣ፦ «ጥሪው» እና «ተመለሺ»። ታዴዎስ «ጥሪው» የሚለውን ነካ። ልጅቱ አፏን ከፈተች። «ድምፅ አልወጣትም» ይላል። ደግሞ ነካ። «ድምፅ አልወጣትም።» ደግሞ ደጋግሞ ነካ። ሰውዬው አልዞረም። እንዴት ብሎ ይዞራል? ያን ቀን አልዞረምና! በመጨረሻ «ጥሪው» የሚለው ቃል ራሱ ደብዝዞ ጠፋ።

ልጅቱ ሣጥኗን ይዛ ተመለሰች። ለስላሳውን ደረደረች። እንግዶች መጡ። «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሏት። አሁን ምርጫው አንድ ብቻ ነበር፦ ዝም። ታዴዎስ ጣቱን ለማሳረፍ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲነካው ፋቲሃ ተቀራ፤ እልልታው ተሰማ። አዛኑን ጠበቀ። የመጣው ግን የምሽቱ፣ የመግሪብ አዛን ነበር። ሰማዩ ቀላ፤ ጣቢያው ጠቆረ፤ አምስት ቀን ሙሉ አልመሽ ያለው ሐሙስ መሸ። «አበቃ» የሚል ቃል እንኳን አላስቀመጠችበትም።

ያን ሐሙስ ከውሰር በእውን ከኋላው ቆማ ነበር። ሁለት ዓመት ያቀፋት ልጅ ከጀርባው ቆማ ሲዋሽ አይታዋለች። ታዴዎስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ የሚያስለቅሰው ፍቅር ይሁን ዕፍረት እሱም አልለየውም።

* * *

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ያዘ። ስልኩን አጠፋው። ገዋኔ ላይ ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲያቆም ታዴዎስ አልወረደም። በመስኮት የመለዋወጫ ሱቆቹን አየ፤ ከአንዱ በር ላይ «እስከ ማክሰኞ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ቀሪውን መንገድ ለጋሽ ኢብራሂም የሚናገረውን በልቡ ሲያጠና ሄደ። ኒካው ነገ ነው። ዛሬ ከተናገረ ገና ጊዜ አለ ብሎ ለራሱ ይናገራል፤ አንዴ ያምነዋል፣ አንዴ አያምነውም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኳ። ሀምዳ ከፈተች። አየችውና ተመልሳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ከውሰር ብቅ አለች። እጆቿ እስከ ክንዷ ሒና ተቀብተዋል፤ ገና አልደረቀምና ከልብሷ አርቃ ይዛቸዋለች። ቀጥናለች። ታዴዎስ ሊነካት እጁን ሰነዘረና የት እንደሚነካት አጥቶ መለሰው።

«ጨረስከው?» አለችው።

«ትናንት።»

«አምስት ቀን።» ራሷን ነቀነቀች። «እኔ በመጀመሪያው ቀን ሆቴሉ ትሄዳለህ ብዬ ነበር። የነበርክበትን ታውቀው የለ?»

«ከውስ፣ ለምን አልጠራሽኝም? ከኋላዬ ቆመሽ! አንድ ጊዜ ታዴ ብትዪኝ…»

«ስምህ አፌ ላይ ነበር። ልክ ልጠራህ ስል ስልኬ ነዘረ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ገዋኔ ነኝ የሚለኝን ሰው ምን ብዬ ልጥራው?»

«እማዬ ደውላ ነበር። እያለቀሰች…»

«አምናለሁ። እናትህ ማልቀሳቸው አይቀርም ነበር። አባባም መጮሃቸው አይቀርም ነበር። ሁለቱንም አውቅ ነበር እኮ!» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «እኔ አሳምነሃቸው ና አላልኩህም። እምቢ ተባልልኝና ሂድ ነው ያልኩህ። የታለ ሲሉኝ የማሳየው ሰው ነው የፈለግኩት። አንድ ቀን ብቻ! ለአንዲት ሰዓት!»

«ፈራሁ።»

«አውቃለሁ። ፈራሁ ብለህ ብትጽፍልኝ እወጣልህ ነበር። እጅህን ይዤ አብረን እንገባ ነበር።» እንባዋን በክንዷ ልትጠርግ ፈለገች፤ ሒናው ትዝ ሲላት ተወችው፤ እንባው በራሱ ጊዜ ወረደ። «ቶፊቅ ያን ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር ራሱ መጥቶ ነበር፤ ታውቃለህ? ልጁ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ነውር ነው። ውጭ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ጠበቀ። ኋላ ለምን እንደመጣ ጠየቅኩት። እምቢ ከተባልኩ ራሴ ልስማው ብዬ ነው አለኝ።»

ታዴዎስ ዞሮ መንገዱን አየ።

«እወደዋለሁ አልልህም» አለች። «ግን የት እንዳለ ነግሮኝ፣ የነገረኝ ቦታ ነው የማገኘው።»

«አሁን መጣሁ እኮ! ይኸው መጣሁ። አባትሽን አናግራቸዋለሁ።»

«አትግባ።»

«እገባለሁ።»

«ለማን ብለህ ነው? ለእኔ ከሆነ ተመለስ። ለራስህ ከሆነ ግን…» ከበሩ ፈቀቅ አለችለት። ለሁለት ዓመት ባየችው ዓይን አላየችውም፤ እንደ ሰለቸ ሰው ነበር ያየችው።

* * *

ጋሽ ኢብራሂም በረንዳው ላይ የድንኳን ገመድ ይቋጥራሉ። እንግዳ ሲያዩ ገመዱን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሽ ኢብራሂም። ታዴዎስ እባላለሁ፤ ከሰመራ ነው የመጣሁት።» መንገዱን ሙሉ ያጠናው ንግግር ጠፋበት፤ የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር። «ልጅዎን እወዳታለሁ። ሁለት ዓመት ሆነን። ያን ሐሙስ መጥቼ ልነግርዎ ነበር። እዚህ አዋሽ ደርሼ፣ ሆቴል ተቀምጬ፣ ፈርቼ ቀረሁ። ዛሬ ልነግርዎ መጣሁ።»

ተናገረው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ተናገረ። ልቡ ሰፋ። ቢጮኹበት ይጩኹ፤ ቢመቱትም ይምቱት።

ጋሽ ኢብራሂም አልጮኹም። ፊቱን አዩት፤ አንገቱ ላይ ያለውን ክር አዩት፤ እንደገና ፊቱን አዩት። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

«ከውሰር!»

ከውሰር መጣች። በአባቷና በታዴዎስ መካከል ቆመች። ጓዳው ውስጥ የነበረው የሴቶች ጨዋታ ጸጥ አለ።

«ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ?»

ታዴዎስ አሁን ሥርዓቱን ያውቃል፤ አምስት ቀን ሙሉ ተምሮታል። ዝም ካለች አዎ ማለት ነው። ዝም ካለች ሁሉም ነገር ገና ነው። ዝም በይ አላት በልቡ፤ የኔ ሆድ፣ እባክሽ ዝም በይ፤ ምንም አትበይ።

ከውሰር አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። «አላውቀውም፣ አባባ» አለች።

ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ጓዳ ድረስ ተሰማ።

ጋሽ ኢብራሂም ሞኝ አልነበሩም። የልጃቸውን እንባ ያየ ዓይን አላቸው። ቆባቸውን አስተካክለው ወደ ታዴዎስ ዞሩ፤ አነጋገራቸው የአባት ነበር።

«መንገድ ተሳስተህ ነው፣ ልጄ። ያጋጥማል፤ ይህ ሙቀት ሰው ያዞራል። ሀምዳ፣ ለእንግዳው ውሃ አምጪ።»

ሀምዳ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣች። ታዴዎስ ቆሞ ተቀበለ።

«ቁጭ ብለህ ጠጣ» አሉት ጋሽ ኢብራሂም፤ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳብ አድርገው። «ቆሞ አይጠጣም።»

ተቀመጠ። ደፍሮ ሊገባበት ያልቻለ ቤት፣ ሊያናግራቸው የፈራ ሰው አጠገብ፣ ለማንም መንገደኛ በሚሰጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከውሰር ሒናዋን እንዳይነካባት እጆቿን ከፍ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ዞራ አላየችውም። ሴቶቹ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ታዴዎስ ውሃውን በትንሽ በትንሹ ተጎነጨ፤ ጋሽ ኢብራሂም ገመዳቸውን ሳያነሡ፣ እስኪጨርስ ድረስ ታግሠው ጠበቁት።